ድረ-ገጹ በማን እጅ ነው? መሥሪያ ቤቶችና በግል የሚሠሩ የድረ-ገጽ ባለሙያዎች

አዲስ አበባ፦ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስያሜውን ያገኘው በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረ የኢጣሊያ ተቋም ነው። «ካዜ» በኢጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» የተቋሙ ስም ምሕጻረ ቃል ነው። ሠፈሩ ከስያሜው ጀምሮ ከመንግሥት ሥራና ከቢሮ ጋር የተቆራኘ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት በአካባቢው መገኘቱም ሆቴሎች፣ የጉዞ ወኪሎች፣ የማማከር ድርጅቶች፣ የሙያ ማኅበራትና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በዙሪያው እንዲሰባሰቡ አስተዋጽኦ አድርጓል።

በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ልማት ሥራ በርካታ ነዋሪዎች፣ ሱቆችና ቢሮዎች ከነባር ቦታቸው ተነሥተው ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ለአንድ ቢሮ ሕንፃ መቀየር ማለት በደብዳቤ ራስጌው፣ በቢዝነስ ካርዱና በበሩ ላይ የሰፈረው አድራሻ ሁሉ መለወጥ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ሳይለወጥ ሊቀጥል የሚችለው የድረ-ገጹ አድራሻ ነው። ድረ-ገጹን የማረም ሥልጣን በእጁ ያለ ተቋም አዲሱን የቢሮ አድራሻ በተዛወረበት ዕለት ለተገልጋዩ ማሳወቅ ይችላል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ከሁለት ዓመት በፊት ድረ-ገጹን የሠራው ባለሙያ ብቻ ከሆነና የባለሙያው ስልክ የማይመልስ ከሆነ ግን፣ ድረ-ገጹ ተገልጋዩን ወደ ፈረሰ ሕንፃ መምራቱን ይቀጥላል።

ይህ ዓይነቱ ችግር የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ በባለሙያው ክፋት ወይም በመሥሪያ ቤቱ ግዴለሽነት አይደለም። ድረ-ገጽ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያልቅ ዕቃ ተደርጎ ስለሚታይ ነው። እንዲያውም ለወንበር የሚደረገው ጥንቃቄ ለድረ-ገጽ አይደረግም። ወንበር ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይደረጋል፤ ሠራተኛው ሲለቅም ክሊራንስ ይጠየቅበታል። የተቋሙን ስም ይዞ ለዓለም የሚታየው ድረ-ገጽ ግን በአንድ ግለሰብ ኢ-ሜይል ውስጥ ተመዝግቦ ሊቀር ይችላል።

በግል የሚሠራው ባለሙያ ማን ነው?

በግሉ የሚሠራ የድረ-ገጽ ባለሙያ፣ በተለምዶ ፍሪላንሰር የሚባለው፣ በአንድ ድርጅት በቋሚነት ሳይቀጠር ከተለያዩ ደንበኞች ጋር በየሥራው እየተዋዋለ የሚሠራ ሰው ነው። የሥራ መሣሪያው ላፕቶፕና የኢንተርኔት መስመር ነው። በቤቱ፣ በጋራ በተከራየ ቢሮ ወይም በካፌ ሊሠራ ይችላል። የገጹን ገጽታ መንደፍ፣ ኮድ መጻፍ፣ ጽሑፍና ፎቶግራፍ ማስገባት፣ ሰርቨር ማዘጋጀትና ከደንበኛ ጋር መደራደር በአብዛኛው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል።

የእነዚህ ባለሙያዎች ቁጥር ሊጨምር እንደሚችል የሚያመለክቱ ሁኔታዎች አሉ። ከዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒውተር ሳይንስና በሶፍትዌር ምሕንድስና ከሚመረቁት በተጨማሪ፣ እንደ አይስአዲስ ያሉ የፈጠራ ማዕከላት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣት ባለሙያዎችን ሲያሰባስቡ ቆይተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ትብብር ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብርም ከሚሰጣቸው ሥልጠናዎች አንዱ የድረ-ገጽ ፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ትምህርት ነው። መሥሪያ ቤቶች ወደፊት ከእነዚህ ባለሙያዎች ጋር የመሥራት ዕድላቸው ስለሚሰፋ፣ የአሠራሩን ሒደት ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅማል።

ሒደቱ በአጠቃላይ ስድስት ደረጃዎች አሉት። እነዚህም ፍላጎትን መለየት፣ ዋጋና ውል፣ ንድፍ፣ ግንባታና ይዘት ማስገባት፣ ርክክብ፣ እንዲሁም ጥገና ናቸው። ለብልሽት የሚጋለጡት በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና የመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ሲሆኑ፣ መሥሪያ ቤቱ ዋናውን ኃላፊነት የሚሸከመውም በእነዚሁ ነው።

«ዘመናዊና ማራኪ» በቂ መግለጫ አይደለም

አንድ መሥሪያ ቤት «ዘመናዊና ማራኪ ድረ-ገጽ» በማለት ከሦስት ባለሙያዎች ፕሮፎርማ ቢሰበስብ የሚደርሱት ሦስት ዋጋዎች ፈጽሞ ሊነጻጸሩ አይችሉም። አንደኛው ባለሙያ ዎርድፕረስ በሚባለው በነጻ በሚገኝ ሥርዓት ላይ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ገዝቶ በጥቂት ቀናት ሊያስረክብ ያስብ ይሆናል። ሁለተኛው ንድፉን ከመነሻው አውጥቶ ሊሠራ ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ለተገልጋዮች ማመልከቻ መቀበያና ለሠራተኞች ሥልጠና ጭምር አስቦ ዋጋ ሰጥቶ ይሆናል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሲመረጥ መሥሪያ ቤቱ ምን እንደገዛ የሚያውቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከዋጋ በፊት አጭር የሥራ ዝርዝር ወይም ቢጋር መዘጋጀት ይኖርበታል። ቢጋሩ የኮምፒውተር ዕውቀት ያለው ሰው የሚጽፈው የቴክኒክ ሰነድ መሆን የለበትም፤ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ከሰጠ ይበቃል። ድረ-ገጹን የሚጠቀመው ማን ነው? ተገልጋዩ ምን ፈልጎ ይመጣል? ስንት ገጾች ይኖሩታል? በስንት ቋንቋ ይዘጋጃል? ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ማን ነው? የሚሞላ ቅጽ ይኖረዋል ወይ? ከተመረቀ በኋላ ዜናና ማስታወቂያ የሚያስገባው የትኛው የሥራ ክፍል ነው? ለዚያ ሠራተኛ ሥልጠና ይሰጠዋል ወይ?

ቋንቋን በተመለከተ አንድ ጉዳይ ቀድሞ መታወቅ አለበት። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የሚዘጋጅ ድረ-ገጽ ሦስት እጥፍ ይዘት እንጂ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ማለት አይደለም። ትርጉሙን የሚሠራው ባለሙያ ስላልሆነ ተርጓሚውና ወጪው አስቀድመው ካልታሰቡ፣ የአንዱ ቋንቋ ገጽ በዜና ተሞልቶ የሌላው ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ውልና ክፍያ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1724 መንግሥትን ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚያስገድዱ ውሎች በጽሑፍ መሆን እንዳለባቸው ይደነግጋል። በስልክ በተደረገ ንግግር ወይም በቴሌግራም በተላከ መልእክት ብቻ የተጀመረ የድረ-ገጽ ሥራ ለሁለቱም ወገን አደገኛ ነው። ግዥውም የፌዴራል ተቋማት ከሆነ በፌዴራል መንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016፣ የከተማ አስተዳደሩ ተቋማት ከሆነ በከተማው የግዥ ሕግ መሠረት መፈጸም ይኖርበታል። በመሆኑም ባለሙያው የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው፣ ሕጋዊ ደረሰኝ የሚያቀርብ መሆን አለበት። ከክፍያው ላይ በግብር ሕጉ መሠረት ተቀናሽ የሚደረገው ሒሳብ፣ እንዲሁም ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት አያካትት በፕሮፎርማው ላይ ተለይቶ ቢሰፍር በኋላ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

በግል ድርጅቶችና በማኅበራት ዘንድ ሥራው ሲጀመር ቀብድ መስጠት የተለመደ ነው። ቀብድና ቅድመ ክፍያ በንግግር ቢቀላቀሉም በሕግ ፊት ልዩነት አላቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደሚለው ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ ይሁን ወይስ ከጠቅላላ ዋጋው የሚታሰብ የመጀመሪያ ክፍያ፣ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባል።

በመንግሥት ግዥ አሠራር ለቅድመ ክፍያ የዋስትና ሰነድ ይጠየቃል። በግሉ ለሚሠራ ወጣት ባለሙያ የባንክ ዋስትና ማቅረብ ቀላል አይደለም። መፍትሔ የሚሆነው ክፍያውን በሥራ ደረጃዎች መከፋፈል ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው ክፍያ ንድፉ ሲጸድቅ፣ ሁለተኛው ድረ-ገጹ በሙከራ አድራሻ ሲታይ፣ የመጨረሻው ደግሞ ርክክብ ሲፈጸም ሊሆን ይችላል። በዚህ መንገድ መሥሪያ ቤቱ ላላየው ሥራ አይከፍልም፤ ባለሙያውም ለወራት ያለ ክፍያ አይሠራም።

በውሉ ሊካተት የሚገባው ሌላው ጉዳይ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ማንነት ነው። ንድፉን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አጽድቆት፣ በሳምንቱ ምክትል ኃላፊው ቀለሙ ይቀየር ሲሉ፣ በወሩ ደግሞ ዋናው ኃላፊ ከመጀመሪያው እንዲሠራ ሊያዙ ይችላሉ። ባለሙያው ኃላፊዎቹን አክብሮ «እሺ» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ያልተከፈለበት ሥራ ሲደራረብ ግን ሥራውን ማጓተት ወይም መሰወር ይጀምራል። አንድ የተወከለ ሰው በጽሑፍ እንዲወስን፣ በንድፍ ደረጃ የሚፈቀደው የማስተካከያ ጊዜ በቁጥር እንዲወሰን፣ ከጸደቀ በኋላ ለሚመጣ አዲስ ጥያቄ ተጨማሪ ዋጋና ቀን እንዲቆረጥለት መስማማት ሁለቱንም ያድናል። የማጽደቂያ መልእክቶችን በተቋሙ ኢ-ሜይል መለዋወጥም ይጠቅማል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተላለፈ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠ በመሆኑ፣ በኢ-ሜይል የተሰጠ ማጽደቂያ ተራ ወሬ አይደለም።

ይዘቱ ካልደረሰ ቤቱ ባዶ ነው

የድረ-ገጽ ሥራ ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች ዋናው ኮድ አይደለም፤ ይዘት ነው። ባለሙያው ገጾቹን ሠርቶ የተቋሙን ተግባርና ኃላፊነት፣ የአገልግሎት ዝርዝር፣ የሚጠየቁ ማስረጃዎችንና ፎቶግራፎችን ይጠብቃል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሥራው ለባለሙያ ስለተሰጠ ሁሉን ነገር ባለሙያው የሚያዘጋጅ ይመስለዋል። ለዚህም ነው በውሉ ላይ ባለሙያው የሚያስረክብበት ቀን ብቻ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ይዘት የሚያስረክብበት ቀን ጭምር መቆረጥ ያለበት።

የግዕዝ ፊደል የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መለያ የሆነው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ገና አላካተተም ነበር። የተካተተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ ጽሑፎች የተጻፉት ፊደሎቹን በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ በሚያስቀምጡ የቀድሞ ሶፍትዌሮች ነው። እነዚያ ሰነዶች በቀጥታ ወደ ድረ-ገጽ ሲገለበጡ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆነው ይወጣሉ። ችግሩን ለመሸሽ ጽሑፉን ስካን አድርጎ እንደ ፎቶግራፍ መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው። በፎቶግራፍ የተለጠፈ መመሪያ ግን በመፈለጊያ ሥርዓቶች በቀላሉ አይገኝም፤ አይገለበጥም፤ ማየት ለተሳናቸው ጽሑፍ የሚያነብላቸው ሶፍትዌርም በወጉ ሊያነበው አይችልም፤ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ተገልጋይም ወጪ ይጨምራል። በመሆኑም ይዘቱ በዩኒኮድ ተጽፎ እንዲቀርብ ወይም ነባሩን ጽሑፍ የመለወጡ ሥራ ራሱን የቻለ ዋጋ ተሰጥቶት በውሉ እንዲካተት ማድረግ አስፈላጊ ነው።

ስሙና ቁልፉ

አንድ ድረ-ገጽ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዶሜይን የሚባለው የድረ-ገጹ ስም ነው። ሁለተኛው ገጾቹ የሚቀመጡበት ሰርቨር ነው። ሦስተኛው ገጾቹ ራሳቸው ናቸው። በምድር ላይ ባለ ቤት ቢመሰል ስሙ እንደ ቦታው ካርታ፣ ሰርቨሩ እንደ ቦታው፣ ገጾቹ እንደ ቤቱ ናቸው። ቤቱ ቢፈርስ እንደገና ይሠራል፤ ካርታው በሌላ ሰው ስም ከወጣ ግን ቤት መሥራቱ ብቻውን ባለቤት አያደርግም።

የኢትዮጵያ መለያ በሆነው ዶት ኢቲ የሚያልቁ ስሞችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን፣ ለመንግሥት ተቋማት ጎቭ ዶት ኢቲ የሚል መለያ አለ። እንዲህ ያለው ስም በተቋሙ ጥያቄ የሚሰጥና ለተገልጋዩም የመንግሥት ተቋም መሆኑን የሚያረጋግጥ በመሆኑ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ተመራጭ ነው። ማኅበራትና የግል ድርጅቶች ግን ብዙ ጊዜ በዶት ኮም ወይም በዶት ኦርግ የሚያልቅ ስም ይመዘገብላቸዋል። እነዚህ ስሞች የሚሸጡት በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ባለሙያው በራሱ፣ በጓደኛው ወይም በውጭ አገር ባለ ዘመዱ የባንክ ካርድ ከፍሎ ይገዛል። ያን ጊዜ በምዝገባው ላይ የሚሰፍረው ስምና ኢ-ሜይል የከፋዩ ሊሆን ይችላል። በቅንነት የተደረገው ነገር የባለቤትነት ችግር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ የማንም ቢሆን፣ የተመዝጋቢው ስም የተቋሙ፣ ኢ-ሜይሉም ሠራተኛ ሲለቅ አብሮ የማይሄድ የተቋሙ ኢ-ሜይል መሆን አለበት።

ስም የሚገዛው ለዘለዓለም ሳይሆን ለተወሰኑ ዓመታት ነው። ዶት ኮም ሳይታደስ ሲቀር የማደሻ ዕፎይታ ጊዜ አለው። ያ ካለፈ በኋላ ለ30 ቀናት ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎበት ሊመለስ የሚችልበት ጊዜ ይሰጣል። ከዚያም 5 ቀን ቆይቶ ማንም ሰው ሊመዘግበው ለሚችልበት ገበያ ይለቀቃል። ያ ስም በሌላ ሰው እጅ ሲገባ በደብዳቤ ራስጌ፣ በመጽሔትና በማስታወቂያ ላይ የታተመው አድራሻ ሁሉ ተገልጋዩን ወደማይታወቅ ገጽ ይመራል። በዚያ ስም ይሠራ የነበረው የተቋሙ ኢ-ሜይልም ለአዲሱ ባለቤት ሊደርስ ይችላል።

ለመንግሥት ሠራተኞች ልዩ ትኩረት የሚሻ ነጥብ አለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ጥቅም ላይ ያልዋለ በጀት እንዳይመለስ በሚል ድረ-ገጽ የማሠራት ግዥ በግንቦትና በሰኔ ሊፈጸም ይችላል። በሰኔ የተመዘገበ ስም የሚታደሰው በሰኔ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ የፋይናንስ ሠራተኞች ሒሳብ ለመዝጋት የሚጣደፉበት፣ የሐምሌው በጀት ገና ያልተለቀቀበት ነው። ስሙን በአንድ ጊዜ ለበርካታ ዓመታት መመዝገብ፣ ወይም የማደሻውን ቀን ከበጀት መዝጊያው ማራቅና በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት ቀላል መፍትሔ ነው።

በርክክቡ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ሊቀበላቸው የሚገቡት ነገሮች በዝርዝር ሊጻፉ ይገባል። እነዚህም የስሙ ምዝገባ መግቢያ፣ የሰርቨሩ መግቢያ፣ የድረ-ገጹ ዋና አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል፣ የመረጃ ቋቱና የምንጭ ኮዱ ሙሉ ቅጂ፣ የተገዙ ቴምፕሌቶችና ተጨማሪ ሶፍትዌሮች ፈቃድ፣ የማደሻ ቀናት ሰንጠረዥ፣ እንዲሁም አጭር የአጠቃቀም መመሪያ ናቸው። ርክክቡ እንደተፈጸመ የይለፍ ቃሎቹ ይለወጡ። ባለሙያው በጥገና ውል የሚቀጥል ከሆነ የራሱ የተለየ መግቢያ ይሰጠው። ሁለት ኃላፊዎች ቁልፉን እንዲይዙ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲለቅ ወይም ሲዛወር በክሊራንሱ ላይ የይለፍ ቃል ርክክብም እንዲካተት ማድረግ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ እርምጃ ነው።

ጥገናና ደኅንነት

ድረ-ገጽ ከተመረቀ በኋላ የተሠራበት ሶፍትዌር በየጊዜው መታደስ አለበት። ዎርድፕረስን የመሳሰሉ ሥርዓቶች በዓለም ዙሪያ በስፋት ጥቅም ላይ ስለዋሉ፣ አንድ ክፍተት ሲታወቅ ያልታደሱ ድረ-ገጾችን የሚያስሱ አጥቂዎችም ብዙ ናቸው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መነሻቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በኢትዮጵያ የመንግሥት ተቋማት ድረ-ገጾች ላይ የሳይበር ጥቃት መሰንዘራቸውን የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በወቅቱ ማስታወቁ ይታወሳል። ዛሬ በአስተዳደር ደረጃ የሚገኘው ይኸው ተቋም የድረ-ገጾችንና የመተግበሪያዎችን የደኅንነት ፍተሻ ያከናውናል። ፍተሻው በሥራው መርሐ ግብር ውስጥ ካልታቀደና የሚገኙትን ክፍተቶች የሚያርመው ማን እንደሆነ በውሉ ካልተጻፈ፣ ባለሙያው ክፍያውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ የሚመጣው የፍተሻ ውጤት ባለቤት ያጣል።

ድረ-ገጹ የተገልጋዮችን ስም፣ ስልክ ወይም የመታወቂያ ቅጂ የሚቀበል ከሆነ ኃላፊነቱ የበለጠ ይከብዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚሰበስቡና የሚያቀነባብሩ አካላት ላይ ግዴታ ይጥላል። መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚሰረዝ ከባለሙያው ጋር መወሰን አለበት። ባለሙያው ለሙከራ ብሎ የእውነተኛ ተገልጋዮችን መረጃ በላፕቶፑ ይዞ መሄድ እንደማይችልም በውሉ መጻፍ ይገባል። መጠባበቂያ ቅጂም በየጊዜው ተወስዶ ከሰርቨሩ ውጭ መቀመጥ አለበት፤ ከዋናው ጋር በአንድ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ቅጂ ሰርቨሩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

የጥገና ውሉ ከግንባታው ውል ተለይቶ ቢዘጋጅ ይመረጣል። በወር ስንት ሰዓት ሥራ እንደሚሸፍን፣ ድረ-ገጹ ሲቋረጥ በስንት ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንደሚሰጥ፣ ዜና ማስገባትን ይጨምር ወይም አይጨምር በግልጽ መቀመጥ አለበት። «አንድ ዓመት ነጻ ጥገና» የሚለው አገላለጽ ብቻውን ምንም አይወስንም።

የባለሙያውም መብት

እስካሁን የተነሡት ነጥቦች በአብዛኛው መሥሪያ ቤቱን የሚጠብቁ ናቸው። ውል ግን ሁለት ወገን አለው። በግሉ የሚሠራ ባለሙያ የወር ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድና በአሠሪ የሚሸፈን የጡረታ መዋጮ የለውም። ሥራው ተጠናቅቆ የክፍያ ሰነዱ በፊርማ ፍለጋ ከቢሮ ወደ ቢሮ ለወራት ሲንከራተት፣ የሚዘገየው የእርሱ የቤት ኪራይ ነው። የክፍያ መዘግየት ባለሙያውን ወደ መጥፎ አማራጭ ይገፋዋል። ገንዘቡ ካልተከፈለው ድረ-ገጹን መዝጋት ወይም ቁልፉን መያዝ እንደ መደራደሪያ ይታየዋል። ይህ ድርጊት ከአሠሪው አልፎ ምንም ያላጠፋውን ተገልጋይ ይጎዳል፤ ባለሙያውንም በሕግ ሊያስጠይቀው ይችላል። መፍትሔው የመጨረሻው ክፍያና የቁልፎቹ ርክክብ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰነድ እንዲፈጸሙ መስማማት ነው። ለዚህም መሥሪያ ቤቱ ሥራውን መርምሮ የሚቀበልበት ወይም ጉድለቱን በጽሑፍ የሚያሳውቅበት የቀን ገደብ ሊኖር ይገባል።

የፈጠራ መብትን በሚመለከት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ያካትታል። በአዋጁ መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር በውል ታዝዞ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለቤት ያሠራው ወገን ነው። ይህ ማለት ግን በድረ-ገጹ ውስጥ ያለው ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ ይሆናል ማለት አይደለም። በነጻ ፈቃድ የሚገኙ የፕሮግራም ክፍሎች፣ የተገዙ ቴምፕሌቶች፣ ባለሙያው ከዚህ ሥራ በፊት ያዘጋጃቸው መሣሪያዎች የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው። የትኛው በባለቤትነት እንደሚተላለፍ፣ የትኛው ደግሞ በመጠቀም መብት ብቻ እንደሚሰጥ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ባለሙያው ሥራውን ለሌሎች ደንበኞች በናሙናነት እንዲያሳይ መፍቀድም መሥሪያ ቤቱን ምንም አያስወጣውም፤ ለባለሙያው ግን ቀጣዩን ሥራ የሚያስገኝለት ማስረጃ ነው።

ከዚህ የሚከተለው

በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ከወጣ ወዲህ የመንግሥት አገልግሎቶችን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለመስጠት ሰፊ ጥረት ሲደረግ ቆይቷል። ትልልቆቹ ሥርዓቶች በትልልቅ ድርጅቶችና በባለድርሻ ተቋማት የሚገነቡ ናቸው። የአንድ ጽሕፈት ቤት፣ የአንድ ማሠልጠኛ ተቋም ወይም የአንድ የሙያ ማኅበር ድረ-ገጽ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ባለሙያና የአንድ ኃላፊ የሥራ ግንኙነት ውጤት ነው። ይህ ግንኙነት በጽሑፍና በመተማመን ከተመራ በአነስተኛ ወጪ ለዓመታት የሚያገለግል ሥራ ይገኝበታል።

ድረ-ገጽ ያለው ማንኛውም መሥሪያ ቤት አዲስ በጀት ሳይጠብቅ በዚህ ሳምንት ሊያጣራቸው የሚችላቸው አምስት ጥያቄዎች አሉ። የድረ-ገጹ ስም የተመዘገበው በማን ነው? የሚታደሰው መቼ ነው? የዋና አስተዳዳሪነት የይለፍ ቃል በእነማን እጅ ይገኛል? የመጨረሻው መጠባበቂያ ቅጂ መቼ ተወስዶ የት ተቀመጠ? በድረ-ገጹ ላይ የሰፈረው የቢሮ አድራሻና ስልክ ዛሬም ትክክል ነው ወይ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልስ የሚሰጥ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ከሌለ፣ ድረ-ገጹን የሠራው ባለሙያ ስልኩ በሚሠራበት፣ ግንኙነቱም ባልሻከረበት በአሁኑ ጊዜ ደውሎ ርክክቡን መፈጸም ተገቢ ነው።